የአውራው በግ ትግል ቤት

ተረት ተረት፤ ሆድ የባሰው ይሳቅበት!

አንድ አውራ በግ ትግል የሚያስተምርበት ቤት ነበረው። ተማሪዎቹን ሲያሰናብት ሁልጊዜ፣ «ከትምህርቴ ምን ይሻሻል?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ቀን ኤሊ፣ «የኔታ፣ መጣል አስተማሩን። እኔ ግን በጀርባዬ ከወደቅኩ መነሳት አልችልም» አለችው።

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። በጉ ግን በማግስቱ ትምህርቱን በመውደቅና በመነሳት ጀመረ፤ ራሱም ከኤሊ ጎን ተንጋሎ ሲንደፋደፍ ዋለ።

ሰንበትበት ብሎ ጅብ መጣና በጉን በጀርባው ዘረረው። ሊበላው አፉን ሲከፍት፣ በጉ ተገልብጦ ተነሳና በቀንዱ ጎኑን አለው። ጅብ ዘርሮት የተነሳ በግ አይቶ አያውቅምና እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ።

በጉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ተጣራ፦

«አያ ጅቦ! ኧረ ሳይሄዱ ይንገሩን፣ ምን ይሻሻል?»