ደብሪቱ ያስቀረችው ድንጋይ

ዘመኑ ሩቅ ነው። ባቡር እንጨት እየበላ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ዳገት ላይ እንደ አሮጊት እያቃሰተ የሚሄድበት ዘመን። አንተ፣ ያቺን ስልክ ኪስህ ክተታት፤ የደብሪቱን ነገር የሰማ አይከስርም።

በዚያን ጊዜ የመልካ ሎሚ ባቡር ጣቢያ ጣቢያም አይባል። ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል፣ ከፊቷ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ሐዲድ። በቃ። ተሳፋሪ ይገባል፤ ሸኚ ከአጥሩ ውጭ ይቀራል።

ደብሪቱ ውሃ እየቀዳች የምታድር መበለት ነበረች። ልጇ ይርዳው አንድ ለእናቱ ነው። ወደብ ሥራ አለ ሲሉ ሰምቶ ተነሣ። አትሂድ አላለችውም። አጥሩ ዘንድ ሰው ተደራርቦ፣ እሷም አጭር ነበረችና፣ ልጇ ሲሳፈር ያየችው ጀርባውን ብቻ ነው። «ዞር በል ይርዳው! ፊትህን ልየው!» ብላ ጮኸች። ባቡሩም ጮኸ። የማን ጩኸት እንደሚሰማ ታውቁታላችሁ።

«ሲመለስ ግን ፊቱን ሳላይ አልሞትም» አለች። እህል የሚያስበላት ይኸው ሐሳብ ሆነ። ባቡር በመጣ ቁጥር አጥሩ ዘንድ ትቆማለች። ወራጁ ወዲያና ወዲህ ይበተናል፤ ፊት ትፈልጋለች። ጀርባ ታያለች። ትመለሳለች።

ዓመታት ሄዱ። ከተማዋ ወፈረች። ቆርቆሮዋ ክፍል ፈረሰችና በቦታዋ በረንዳ ያለው የድንጋይ ቤት ሊሠራ ሆነ። ሰው እልል አለ። ለደብሪቱ ግን መዓት ነው፤ ጣቢያው ሲሰፋ አጥሩ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አጥሩ ሲገፋ የሰው ፊት ይርቃል። እሷም መላ መታች። «በሸኚነት ካላስገቡኝ በሠራተኝነት እገባለሁ» አለች። ለግንበኞቹ ውሃና ኖራ አመላላሽ ሆነች። ሥራው እስኪያልቅ ከሐዲዱ አጠገብ እየዋለች የወራጁን ሁሉ ፊት አየች። ይርዳው ግን አልወረደም። ቤቱ ሲያልቅ ዘበኛው «እትዬ ደብሪቱ፣ ትኬት የሌለው አይገባም፤ ታዝዤ ነው» ብሎ ክንዷን ይዞ አስወጣት። አይ ሰው! በጀርባዋ ተሸክማ ካሠራችው ቤት ነው እኮ።

ደግሞ ዓመታት ሄዱ። ሦስተኛው ጣቢያ መጣ፤ ይህ አሁን የምታዩት፣ ረጅሙ፣ ባለ ቅስቱ፣ ባለ ሰዓቱ፣ ቀይ ክዳን ያለው። እሱ ደግሞ አጥሩን ከነአካቴው ሽሮ ግንብ አመጣ። በሽቦ ቢያንስ ጀርባ ይታያል፤ በግንብ ምን ይታያል? ደብሪቱ አርጅታ «እማማ» መባል ጀምራለች። ቢሆንም ተቀጠረች። ኖራ ስትነፋ፣ ኖራ ስትበጠብጥ ትውላለች። ግንቡን የሚያነሣው ሙሴ ያኒ የሚሉት ግሪክ ነበር። ግንቡ ደረቷ ደረሰ። አንገቷ ደረሰ። ፊቷ ዘንድ ሲደርስ እማማ ደብሪቱ ቀጣዩን ድንጋይ ከሥሯ አድርጋ ቁጭ አለችበት።

«እማማ፣ ድንጋይ!» አላት ሙሴ ያኒ።

«አልሰጥም።»

«ሥራ ቆመ እኮ!»

«ይቁም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ የለም እንዴ? የዚህን ድንጋይ ቦታ ባዶ ተውልኝ፤ ልጄ ሲወርድ ፊቱን የማይበት።»

ሙሴ ያኒ ቁጡ ነው። ነገር ግን የእሱም እናት ባሕር ማዶ ነበረች። አለቆቹን ሳይጠይቅ ቦታውን ባዶ ትቶ በላዩ ገነባ።

የኖራ ነገር ግን ክፉ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ዓይኗን ሲበላ ቆይቶ፣ ጣቢያው በተመረቀ ጊዜ ጨርሶ ጋረደው። ሰው ሁሉ ቅስቱን አንጋጦ ሲያይ እማማ ደብሪቱ ቀዳዳዋ ዘንድ ቆማ ብርሃን እንኳ አልታያትም። ወይ አምላኬ፣ እንዲህም ይደረጋል? አለቀሰች። አልቅሳም አልቀረች፤ እጇን በቀዳዳው አሾለከች። ባቡር በመጣ ቁጥር እጇን ትዘረጋለች። ወራጁም ያዝንላትና ጎንበስ ብሎ ፊቱን መዳፏ ላይ ያኖራል። ትዳብሳለች። «አይደለህም የኔ ጌታ፤ እናትህ ታግኝህ» ትላለች። ቀጣዩ ይመጣል። «አይደለህም የኔ ዓለም፤ እናትህ ታግኝህ።»

የጣቢያው ሰዎች አንጀታቸው አልችል አለ። «ሳታገኘው ከምትሞት አገኘሁት ብላ ትሙት» ተባባሉና ገረመው የሚባለውን ፍሬን ያዥ ለመኑት። ገረመው በይርዳው ዕድሜ ነው። እናቱ ባቡሩ በሚያልፍባት መንደር ትኖራለች። ተጣልቷት ከወጣ ወዲህ ግን ዘወትር በደጇ ያልፋል እንጂ አንድ ቀን አልወረደም። መጀመሪያ ኩራት ነበር፤ በኋላ ሐፍረት ሆነበት።

ገረመው እሺ አለና ከባቡሩ ወርዶ ፊቱን መዳፏ ላይ አኖረ። «እማዬ፣ መጣሁ። ይርዳው ነኝ» አላት። ግንባሩን ዳበሰች። ጉንጩን ዳበሰች። እንባው በጣቶቿ መካከል ወረደ። እልል ትላለች ብለው ሲጠብቁ፣ ቀስ ብላ እንባውን ጠረገችለት።

«ይኼ የመጣ ሰው እንባ አይደለም ልጄ፤ ያልሄደ ሰው እንባ ነው። ሂድላት» አለችው።

ገረመው በዚያው ባቡር ሄደ። እናቱ መንደር ሲደርስ ወረደ። ባቡሩ ያለ ፍሬን ያዥ እንዴት እንደ ቀጠለ እኔን አትጠይቁኝ።

ይርዳው? ይርዳው አልመጣም። እማማ ደብሪቱም ናፍቆቷን እንደ ያዘች አረፈች።

ጣቢያው ከዚያ ወዲህም ሰፍቷል፤ ያንን ቀዳዳ የሚደፍን ግንበኛ ግን አልተገኘም። የመልካ ሎሚ ሰው ሳይሳፈር በፊት ፊቱን በቀዳዳው ያስዳብሳል። ሸኚ የሌለው እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ሊሸኙ ከመጡት አንዷ እናት እጇን ታውሰዋለች። ከቤቱ ርቆ የሚተክዝ ሰው ሲያዩም ምክር አያበዙም። «ሂድላት» ይሉታል። ለምን ብሎ ለሚጠይቅም መልሱ ያው ነው፦ ቶሎ የሄደ ፊቱን ያስዳብሳል፤ የዘገየ መቃብር ይዳብሳል።