እንቅልፍ ጋሽ ቱፋን አልለቅም አለ

ተረቱ ተጭኗል፤ ሸራው ተወጥሯል፤ ገመዱ ጠብቋል። እንሂድ።

ደምስ የሚባል ረዳት ነበረ። ሞጆ ይኖራል፤ ተሳቢ መኪና ላይ ይሠራል። ጎማ ይፈታል፤ ሸራ ያስራል፤ መስታወት ይወለውላል። ጢሙ ሸብቷል፤ ሰው ግን ዛሬም «አንተ ረዳት!» እያለ ይጠራዋል። ሹፌር ደመወዝ አለው፤ ረዳት ሹፌሩ ከኪሱ የሰጠውን ይበላል። የደምስ ልጆች ደግሞ በዚያ አይጠግቡም። ስለዚህ አንድ ነገር ፈለገ። በደረት ኪስ የምትገባ ትንሽ ነገር፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ።

ወደ ማሰልጠኛው ሄደ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች።

«መንዳት ይሞክራሉ?»

«እህቴ፣ ጂቡቲ ድረስ እነዳለሁ።»

«ያለ ፈቃድ?»

ደምስ ጢሙን አሻሸ።

«እንግዲያው አልሰማሁም» አለችው። «ክፍያው ሙሉውን በቅድሚያ ነው። ሳይከፍሉ መሪ አይነኩም።»

ስንት እንደሆነ ነገረችው። የተሳሳተች መስሎት ደግማ እንድትነግረው ለመናት። ያው ነው።

ማሰልጠኛው መሪ አላስነካም አለ፤ ደምስም መንጃ ፈቃድ አጣ።

*

ዕቁብ ነበረው። ዕጣው ወጥቶለታል፤ ብሩ የዕቁቡ ዳኛ ቤት ተቀምጧል።

«የራስህ ገንዘብ ነው፤ ማን ከለከለህ?» አሉት ዳኛው። «ዋስህ የታለ?»

«አባባ፣ እኔን አያውቁኝም?»

«ሳውቅህ ጊዜ ነው ዋስ ያልኩህ። መንገድ ላይ የምትውል ሰው ነህ። አንድ ቀን ሄደህ ብትቀር ቀሪውን ማን ይጥልልኛል?»

ዳኛው ብሩን አልሰጥም አሉ፤ ማሰልጠኛው መሪ አላስነካም አለ፤ ደምስም መንጃ ፈቃድ አጣ።

*

አጎቱ አቶ ደጉ ሥጋ ቤት አላቸው። ቢላዋ እየሳሉ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ።»

«ለረዳት ዋስ ሆኜ ሥጋ ቤቴ ይሂድ?» ቢላዋውን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። «ባለ መኪናዋ "ፈቃድ ካወጣ መኪና እሰጠዋለሁ" ትበለኝ። ከአፏ ልስማ። ያኔ እፈርማለሁ።»

አጎቱ ዋስ አልሆንም አሉ፤ ዳኛው ብሩን አልሰጥም አሉ፤ ማሰልጠኛው መሪ አላስነካም አለ፤ ደምስም መንጃ ፈቃድ አጣ።

*

ባለ መኪናዋ እትዬ ዘነበች ሁለት ተሳቢ አላቸው። አንዱን የደምስ ሹፌር ጋሽ ቱፋ ይነዳዋል፤ ሌላው ሹፌር አጥቶ ቆሟል።

«መኪናማ አለ» አሉ። «ግን ቱፋ ይልቀቅህ። አኩርፎ ቁልፉን ቢወረውርልኝ ሁለቱም ቆሙብኝ ማለት አይደል? እሱ ይልቀቅህና እኔ ቃሌን እሰጣለሁ።»

እትዬ ዘነበች ቃሌን አልሰጥም አሉ፤ አጎቱ ዋስ አልሆንም አሉ፤ ዳኛው ብሩን አልሰጥም አሉ፤ ማሰልጠኛው መሪ አላስነካም አለ፤ ደምስም መንጃ ፈቃድ አጣ።

*

እዚያ መንገድ ላይ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያወራው ነገር አለ። ከሚሌ ወዲያ፣ ምሳ ተበልቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ሹፌሩ ከመቀመጫው ጀርባ ያለችው አልጋ ላይ ይወጣል። መሪውን ረዳቱ ይይዛል። ፍተሻ ሊደርሱ ሲሉ ይቀያየራሉ። ደምስ እንዲህ እየነዳ ነው የሸበተው።

«ልልቀቅህ?» አለ ጋሽ ቱፋ። ዓይኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው። «አንተን ለቅቄ እኔ የት ልተኛ? ቀትር ላይ እንቅልፍ እንደ ፖሊስ ነው የሚይዘኝ። እሱ ይልቀቀኝና እኔ አንተን እለቅሃለሁ።»

ጋሽ ቱፋ ደምስን አልለቅም አለ፤ እትዬ ዘነበች ቃሌን አልሰጥም አሉ፤ አጎቱ ዋስ አልሆንም አሉ፤ ዳኛው ብሩን አልሰጥም አሉ፤ ማሰልጠኛው መሪ አላስነካም አለ፤ ደምስም መንጃ ፈቃድ አጣ።

*

በማግሥቱ ጉዞ፣ ጋሽ ቱፋ ከኋላ ሲያንኮራፋ፣ ደምስ እንቅልፍን አየው። አስፋልቱ ላይ ውሃ መስሎ ይርገበገባል።

«ሽማግሌውን ልቀቀው» አለው ደምስ።

«አልለቅም» አለ እንቅልፍ። «መኪናው አይቆም። ባለቤቷ በምልልስ ነው የምትከፍለው። እኔ ደግሞ በዚህ የሚያልፈውን ሁሉ እነካለሁ። ሽማግሌው እንዲተኛ መሪው ላይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አንተ ካልሆንክ፣ ሌላ።»

እንቅልፍ ጋሽ ቱፋን አልለቅም አለ፤ ጋሽ ቱፋ ደምስን አልለቅም አለ፤ እትዬ ዘነበች ቃሌን አልሰጥም አሉ፤ አጎቱ ዋስ አልሆንም አሉ፤ ዳኛው ብሩን አልሰጥም አሉ፤ ማሰልጠኛው መሪ አላስነካም አለ፤ ደምስም መንጃ ፈቃድ አጣ።

*

ደምስ ታናሽ ወንድም አለው፤ ይታገሱ። ኮብልስቶን ያነጥፋል። ባለትዳር ነው። አውቶቡስ ሲሳፈር ፌስታል ይዞ ነው፤ ያስመልሰዋል።

«እኔ? ተሳቢ?» ይታገሱ ሳቀ። «ወንድም ጋሼ፣ ፀሐይ መትቶሃል።»

«ባጃጅ ነድተህ የለ?»

«ባጃጅ ሦስት እግር ናት እኮ!»

«ይሄኛው እግሩ ብዙ ነው፤ አይወድቅም።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ይታገሱ የወንድሙን ጢም አየ። ሽበቱን አየ። መዶሻውን አስቀመጠ።

«እስከ መቼ ነው?»

«ወረቀቷ እስክትወጣ ብቻ።»

«ካስመለሰኝ ጋሽ ቱፋ ላይ ነው» አለ ይታገሱ።

ደምስ ማርሹን አሳየው። ፍሬኑን አሳየው። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ እንዴት ዝም ብሎ መያዝ እንደሚቻል አሳየው። ሌላ ምን ያሳየው?

*

ይታገሱ መሪውን ያዘ። እንቅልፍ ጋሽ ቱፋን ለቀቀ፤ ጋሽ ቱፋ ደምስን ለቀቀ፤ እትዬ ዘነበች ቃላቸውን ሰጡ፤ አጎቱ ዋስ ሆኑ፤ ዳኛው ብሩን ሰጡ፤ ማሰልጠኛው መሪ አስነካ። ደምስም መንጃ ፈቃድ አገኘ።

ፎቶው ላይ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ፈቃዷን እንደያዘ ከቢሮው ደረጃ ሲወርድ ስልኩ ጠራ። ጋሽ ቱፋ ነው።

«ሃሎ! ጋሽ ቱፋ፣ ወጣች እኮ! በእጄ ናት!»

ንፋስ ብቻ ይሰማል።

«ጋሽ ቱፋ?»

«ደምስዬ» አለ ጋሽ ቱፋ። «እኔ ተኝቼ ነበር።»

*

የይታገሱ ለቅሶ ላይ እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው መጡ። አለቀሱ፤ ከልባቸው ነበር። ሲነሱ ደምስን ወደ ጎን ጠሩት።

«እግዜር ያጽናህ። እንዲህ ባለ ቀን መናገር ነውር ነው፤ ሁለተኛው መኪና ግን ሰኞ ይጫናል።»

አጎቱ ከድንኳኑ ጥግ ያዩታል። ዋስ ናቸው። ሰኞ ደምስ መኪናውን አስነሳ።

ረዳት አልያዘም። በደጅ የሚጠብቁ ሞልተው ነበር፤ «ሹፌር፣ መንዳትም እችላለሁ» ያለውም ነበር። ደምስ በሩን ዘጋ።

ሚሌን አለፈ። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆመች። አስፋልቱ ተርገበገበ፤ የዓይኑ ቆብ ከበደው። እንዳይተኛ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ።

«ማሰልጠኛው መሪ ያስነካው፣ ዳኛው ብሩን ስለሰጡ። ዳኛው ብሩን የሰጡት፣ አጎቴ ዋስ ስለሆኑ። አጎቴ ዋስ የሆኑት፣ እትዬ ዘነበች ቃል ስለሰጡ። እትዬ ቃል የሰጡት፣ ጋሽ ቱፋ ስለለቀቀኝ። ጋሽ ቱፋ የለቀቀኝ፣ እንቅልፍ ስለለቀቀው። እንቅልፍ የለቀቀው...»

ስሙን መጥራት አቃተው።

ፍሬን ያዘ። መኪናውን ከመንገዱ አወጣና ሞተሩን አጠፋ። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሲመላለስበት፣ ቀትር ላይ እዚያ ሞተር ጠፍቶ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ወርዶ ተሳቢው ሥር ገባ፤ ጠጠሩ ላይ ጋደም አለ።

ስልኩ ጠራ።

«የት ደረስክ?»

«ተኝቻለሁ፣ እትዬ።»

«ምን? መኪናውስ?»

«ቆሟል።»

«ደምስ፣ ዛሬ ወደብ ካልገባህ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ!»

«ይፈልጉ» አለ።

ስልኩን ዘጋው። ክንዱን ተንተራሰ። ጥላው ሲዞር አብሮት እየዞረ፣ እስኪጠግብ ተኛ።