የመርፊትን አፍ በበሶ የለጎመው ጭላዳ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ተረት መጣች፤ የተቀመጠ ይጠበብላት፣ የቆመ ይቀመጥላት። «እሺ» የሚል ይስማ፤ «ውሸት ነው» የሚል ደግሞ ጆሮውን ከፍቶ ይስማ!

ድሮ ድሮ፣ ስሜን ተራራ ላይ በረዶ እንደ ጤፍ ገለባ በሚበንበት ዘመን ነው። ብርዱ የዛሬው ብርድ እንዳይመስላችሁ። ቁንጫ እንኳ በርኖስ ደርባ ነበር የምትናከስ። ሰማዩ በበረዶ ተሞልቶ ንስር መብረሪያ ስላጣ፣ እንደ ሰው በእግሩ ገበያ ይሄድ ነበር።

በዚያ ዘመን አያ ጭላዳ የበረዶ ሞተር ነበረው። ሞተር ብስክሌት ነው፤ ብቻ በፊት ጎማው ቦታ አፍንጫው ቀና ያለ ጣውላ ይንሸራተታል፣ በኋላ ጎማው ቦታ ጥርሳም ሰንሰለት ይሽከረከራል። ስሙ አባ ጉርምርም ነው። አባ ጉርምርም ሆዱ ውስጥ እሳት አለ። እሳቱን የሚያበርድለት ውሃ በጎኑ ባለው ራዲያተር ይዞራል። ሰንሰለቱ የሚረጨው ለስላሳ በረዶ ደግሞ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል።

መሪው ላይ፣ ከመስተዋት ሥር፣ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ፣ መርፊት፣ ተቀምጣለች። የመርፊት ሥራ አንድ ነው፤ የአባ ጉርምርምን ሙቀት መናገር። ወደ ግራ ከወደቀች በርዶታል። በቀኝ ወደ ቀዩ ከወጣች ነዷል። መሃል ከቆመች ሰላም ነው።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከተራራው አናት ዋልያ ጮኸ።

«የአገር ያለህ! ባለቤቴ ከትናንት ጀምራ ምጥ ላይ ናት! ግልገሉ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል! እማማ ጃርትን አምጡልኝ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሱልኝ እናትም ልጅም የሉ!»

እማማ ጃርት የአገሩ አዋላጅ ናት። ዝሆን አዋልዳ «ምነው ይህች ልጅ ቀጨጨች?» ያለች ናት። በረዶው ግን ከቁመቷ በላይ ነው፤ በእግሯ የምትወጣው አይደለም።

«ና አንተ ጭላዳ፣ ያንን የሚያጓራውን ነገርህን አስነሣልኝ» አለችው።

«ይፈናጠጡ እማማ። ብቻ እሾህዎን ሰብሰብ ያድርጉ።»

«እኔ ሰብሰብ እላለሁ። እሾሄ ግን ጆሮ የለውም።»

ተፈናጠጠች። አባ ጉርምርም ዘሎ ተነሣ፤ እሾሁም የጭላዳ ወገብ ውስጥ ገባ። «ወይኔ ወገቤ!» አለ ጭላዳ። ጉዞው በዚህ ተጀመረ።

መጀመሪያ ለስላሳው በረዶ ውስጥ ገቡ። በረዶው አባ ጉርምርምን እስከ አንገቱ ዋጠው። ሞተሩ ማስነጠስ ጀመረ፤ ጉልበቱ ከዳው።

«በረደው!» አለች መርፊት ወደ ግራ ወድቃ። «አያ ጭላዳ፣ አልብሰው!»

ጭላዳ የለበሰውን ደበሎ አውልቆ ራዲያተሩን ሸፈነው፤ በጠፍርም አሰረው። መርፊት ቀና፣ ቀና፣ ቀና አለችና መሃል ቆመች። አባ ጉርምርም አጓራ። ሽቅብ ወጣ።

«ተባረክ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» አለች መርፊት።

ከፍ እንዳሉ መንገዱ ሁለት ሆነ። በቀኝ ጠመዝማዛው አለ፤ ለስላሳ በረዶ የሞላበት፣ ዙሪያ ጥምጥም። በግራ አያ ግግር ተጋድሟል፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ደረቅ በረዶ። አያ ግግር ክፉ ነው። ሆዱ ውስጥ እሳት የያዘ ፍጥረት ሲያይ፣ «ይህ ካልሞተ እኔ ቀልጬ ወንዝ መሆኔ ነው» ይላል በልቡ። አፉ ግን ማር ነው።

«እንዴት ዋልክ የኔ ጀግና?» አለው ጭላዳን። «በዚያ ዱቄት ውስጥ ምን ያንፏቅቅሃል? በጀርባዬ ና፤ ዓይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ አናቱ ላይ ነህ። የዋልያ ሚስት እያቃሰተች ነው፣ አይሰማህም?»

ይሰማዋል። ከላይ «እህህህ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጭላዳ ቀና ብሎ ፀሐይን አየ፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። መሪውን ወደ ግግር ጠመዘዘ።

ወይ መክነፍ! ጥላው ኋላ ቀርቶ «ኧረ ጠብቀኝ!» ይለው ነበር። ሰንሰለቱ ግን የሚረጨው አጣ፤ ድንጋይ ከሆነ በረዶ ምን ይረጫል? ደበሎውም ራዲያተሩ ላይ እንደታሰረ ነው።

«ሞቀው!» አለች መርፊት። «አያ ጭላዳ፣ ደበሎውን ግፈፍለት!»

«ሴት ልጅ እያማጠች ቆሜ ልብስ ላውልቅ?»

አያ ግግር ከሥር ሳቀ። «ስማ ጀግናው፣ ቅድም ‹አልብሰው› ያለችህ ይህችው አይደለችም? አሁን ደግሞ ‹ግፈፈው›! በአንድ ቃል የማትጸና ምስክር ምን ታደርግልሃለች?»

«እውነትህን እኮ ነው» አለ ጭላዳ።

ጥቂት ሄዱ።

«በጣም ሞቀው!» አለች መርፊት። «ስማኝ እንጂ!»

«ቅድም በረደው፣ አሁን ሞቀው! አንቺ ሁለት ምላስ አለሽ እንዴ?»

«ምላሴስ አንድ ነው! ሁለት የሆነው መንገዱ ነው!»

«ምንድን ነው የምትልህ?» አለች እማማ ጃርት ከኋላ።

«ምንም አይደል እማማ። ወሬ ነው።»

ጥቂት ሄዱ።

«ነደደ! ቀዩን ነካሁ! ቁም፣ ቁም፣ ቁም!»

ጭላዳ ደሙ ፈላ። ለስንቅ የያዘውን የበሶ ጭብጦ ከጉያው አወጣና መስተዋቷ ላይ ጧ አድርጎ ለጠፈው። ብርዱም በሶውን ወዲያው ድንጋይ አደረገው። መርፊት ጭጭ አለች።

«ይኸው! ሙቀቱ ጠፋ» አለ ጭላዳ።

«ጎበዝ!» አለ አያ ግግር።

ጥቂት ሄዱ። እማማ ጃርት አፍንጫዋን አሾለችና፣ «አንተ፣ እዚህ በረዶ ላይ ማነው ቅቤ ያሳረረው?» አለች። አባ ጉርምርም አንዴ አቃሰተ። ሁለተኛ ሆዱ ውስጥ ኳኳ አለ። ሦስተኛ ምንም አላለም። ግግሩ መሃል ቀጥ አለ፤ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሰንሰለቱ ጥርስ ብቻ ነክሶ ያዘው። ከደበሎው ሥር እንፋሎት እንደ እባብ ያፏጫል።

አያ ግግር ሲስቅ ተራራው ተሰነጠቀ። «አገኘኋችሁ! ሞተሩም፣ ነጂውም፣ አዋላጇም የኔ ናችሁ! ጀርባዬ ላይ እንደ ቋንጣ ትደርቃላችሁ!»

ጭላዳ፣ «ውሃ ጨምሬለት እነሣለሁ!» አለና ዘሎ የራዲያተሩን ክዳን ጨበጠ።

«ተው ልጄ፣ የሚንተከተክ ድስት…» አለች እማማ ጃርት። አልጨረሰችም። ክዳኑ ተፈናጥሮ እሾህዋ ላይ ተሰካ። እንፋሎቱ ተወርውሮ ጭላዳን ደረቱን አለው፤ የደረቱን ፀጉር ያለ ምላጭ ላጨው። ጩኸቱን ተከዜ ውስጥ የተኛ አዞ ሰምቶ፣ «ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ።

«እማማ፣ አለቀልኝ! ምን ልሁን?»

«እኔ ማዋለድ ነው የማውቅ። የሞተሩን የምታውቀዋን አንተ ለጉመሃታል።»

ጭላዳ አፈረ። ከእማማ ጃርት አንድ እሾህ ነቀለና በሶውን ፈለፈለ። መርፊት ቀዩ ጫፍ ላይ ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች።

«መርፊት እናቴ፣ በእግርሽ ወድቄያለሁ።»

«ስትወድቅ ጊዜ አታባክን። ደበሎውን ግፈፍ። ከግግሩ ጥግ ለስላሳውን በረዶ አምጣና ራዲያተሩ ላይ በትን። የሞተሩን ሆድ ግን እንዳታስነካ፤ የጋለ ብረት ድንገት ከበረደ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጠብቅ።»

«መጠበቅ? ምጡስ?»

«አባ ጉርምርም ካልዳነ ማን ያደርስሃል?»

ደረቱ እየነደደ፣ እጁ እየደነዘዘ ተመላለሰ። በተነ፤ ቀለጠ። በተነ፤ ቀለጠ።

«ላስነሣው?»

«ገና።»

ከላይ የሚመጣው ድምፅ ቀጠነ።

«አሁንስ?»

«ገና!»

የፀሐይ ግማሿ ገደል ገባ። ከላይ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። አያ ግግር በሹክሹክታ፣ «አስነሣው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሴትዮዋ እኮ ሞተች» አለው። የጭላዳ እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ማስነሻው ሄደ። መርፊትን አያት። መሃል ለመድረስ የፀጉር ያህል ቀርቷታል። እጁን ጎትቶ ቂጡ ሥር ከተተና ተቀመጠበት። እጁ ከሥሩ ይታገላል፣ እሱ ይጫነዋል።

«አሁን!» አለች መርፊት።

የቀለጠውን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ሞላ። ክዳኑን ከእሾሁ ላይ መዞ ገጠመ። አባ ጉርምርም አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ በሦስተኛው አጓራ።

«በጀርባዬ እኮ ትንሽ ነው የቀረህ!» ጮኸ አያ ግግር።

«ቅርብነትህ ላንተው ይሁን» አለ ጭላዳ፣ መሪውን ወደ ጠመዝማዛው እየመለሰ።

መርፊት «በረደው» ትለዋለች፤ ያለብሳል። «ሞቀው» ትለዋለች፤ ይገፍፋል። ዳግመኛም «ቅድም እንዲህ ብለሽ ነበር» አላላትም።

የፀሐይዋ የመጨረሻ ጭላንጭል ስትጠፋ ከዋልያ ዋሻ ደጃፍ ደረሱ። ዋልያ ቀንዱን ከአለት ጋር ያጋጫል። «ድምፅዋ ጠፋብኝ እማማ!»

«ድምፅዋ ቢጠፋ ትንፋሽዋ አለ። ዞር በልልኝ!» ብላ እማማ ጃርት ገባች።

ዋልያ አልተነፈሰም። ነፋሱም አልተነፈሰም።

ከዚያ ከዋሻው ውስጥ ቀጭን፣ እርጥብ፣ ቁጡ ድምፅ፣ «ሜኤኤኤ!» አለ። እልልታውም ተከተለ።

«ሁለቱም ደህና ናቸው!» አለች እማማ ጃርት። «ወንድ ነው፤ ቀንዱ ግን ቆይቶ ይምጣ ብዬዋለሁ።»

ዋልያ፣ «ወንድሜ!» ብሎ ጭላዳን ሊያቅፍ ቢዞር፣ ጭላዳ የለም። ፈልጎ ፈልጎ፣ በረዶ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኘው።

«አያ ጭላዳ» አለች መርፊት ከመሪው ላይ፣ «የት ደርሰሃል?»

«ቀዩ ላይ ነኝ እናቴ። ልነሣ?»

«ገና።»

ይኸው እስካሁን አልበረደለትም፤ ደረቱ ቀይ ነው። ተረቴ እዚህ ላይ ደረሰች፤ ያላመነ ስሜን ወጥቶ ይየው።

«ሞቀ» ሲሉት ያልሰማ፣ «ነደድኩ» ብሎ ያሰማ።