ጫካውን ያጠረው ጃርት

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ያስጠጋት።

የሁሉም በሆነ አንድ ጫካ ውስጥ ተጠራጣሪ ጃርት ይኖር ነበር። ጫካውን ስለሚወደው፣ ሌሎቹ ያበላሹብኛል ብሎ ዙሪያውን በእሾህ አጠረው።

አንድ ቀን ድኩላ መጥታ፣ «አያ ጃርት፣ አብረን ብንጠብቀው ምን አለበት?» አለችው።

«ከእኔ በላይ የሚያስብለት የለም፤ ሂጂልኝ!» አላት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ደጁ ዝር ያለ የለም። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ጃርት የሚሰማው የራሱን ኮቴ ብቻ ሆነ።

በአንዱ በጋ ጫካው ውስጥ እሳት ተነሣ። ጃርት «ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። እንስሳቱ እርጥብ ቅጠል ይዘው እየሮጡ መጡ፤ አጥሩ ግን አላስገባ አላቸው። መግቢያ ሲፈልጉ የጫካው እኩሌታ ነደደ። ድንገተኛ ዝናብ ባይደርስለት ኖሮ ሁሉም ባለቀ ነበር።

በማግሥቱ ጃርት እግሩ እስኪደማ እሾሁን ነቅሎ በር ከፈተና አጠገቡ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ዝግተኛዋ ኤሊ ብቅ አለች።

«መግባት ይቻላል እንዴ?» አለችው።

ጃርት ብድግ ብሎ ከበሩ ገለል አለላት።

«ይቻላል፤ ለሌሎቹም ንገሪልኝ» አላት። ከዚያም እስክትደርስበት እየቆመ እየጠበቃት፣ በአመዱ መሐል መንገድ ይመራት ጀመር።