ሦስት አዲስ፣ አንድ አሮጌ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ። ጠያቂው ሰጥአርጌ የሚባል ገበሬ ነው። በድንበር ከተጣላው ወንድሙ ጋር በሽማግሌ ታርቆ፣ አብሮት በልቶ ጠጥቶ፣ አሁንም ባየው ቁጥር ሆዱ ይሻክርበታል። ምን እንደነካው ግራ ቢገባው ነው የመጣው።

የኔታ ያነሡት ያ ሰው ዓይነ ስውር አባት ነበረው። ሽማግሌው ከቤት አይወጡም፤ ያላቸው ጓደኛ አንድ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋዩ ሲደክም ልጅየው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ በዚያ አልሆን ሲል እንደ ማንኛችንም በጥርሱ ይነክሰዋል፤ ፈጽሞ ሲሞት ወደ ጎመኑ መደብ ይወረውረዋል። አንድ ቀን የጤና ባለሙያዋ የድንጋዩ መርዝ አፈር ውስጥ እንደሚገባ ነገረችው። ሰውየው ደነገጠ፤ ያን ጎመን የሚበላው ቤተሰቡ ነው። ጓሮውን ለቅሞ አጸዳና ከተማ ወርዶ፣ እየተሞላ የሚሠራ ድንጋይ አራት ከነቻርጀሩ ገዛ።

የከተተው ግን ሦስቱን ነው። ከአሮጌዎቹ አንዱ ገና ነፍስ ነበረውና መጣሉ አሳዘነው። «ይህስ ምን ያደርጋል» ብሎ ከአዲሶቹ ጋር አሰለፈው።

ሬዲዮው ከድሮው ባሰ። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ድምፁ ይሰልላል። ሰውየው አዲሶቹን አውጥቶ ይሞላል፣ ይመልሳል፤ ያው ነው። ሻጩን ጠረጠረ፣ ቻርጀሩን ጠረጠረ፣ መብራቱን ጠረጠረ። አባቱም ዝም ባለ ቤት ተቀምጠው ሰዓቱን እንኳ ከሰው መጠየቅ ጀመሩ። ይህ አንጀቱን በላው። ደግ የተባለውን ሁሉ አድርጎ ሳለ ምኑ ላይ እንዳጠፋ ሊገባው አልቻለም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ድንጋዮቹን አምጣልኝ አሉት። አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ሦስቱን አለፉና አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ እዚህኛው ላይ ጥርስህ አለ» አሉት።

ልጅየው አፈረ። ደካማው ሦስቱን ጎትቶ ሲጥላቸው ኖሯል። አውጥቶት የቀረውን አዲስ ከተተ፤ ሬዲዮውም ሲያወራ ዋለ።

የኔታ ወደ ሰጥአርጌ ዞሩ። «አንተም እንዲሁ ነህ። እርቁም አልከሸፈ፣ ሽማግሎቹም አልበደሉህ። ድንበሩን ትተሃል፣ ስድቡን ትተሃል፣ ክሱንም ትተሃል። አንዷን ግን ሆድ ይፍጀው ብለህ አስቀርተሃል። የትኛዋ እንደሆነች እኔ አላውቅም።»

«ወንድሜ በአባታችን ቀብር ላይ የተናገረኝ ቃል ናት» አለ ሰጥአርጌ።

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ? ሂድና ለሱ ንገረው» አሉት።