መስመሩን ያለፈው ሕመም

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበረ። ከጥያቄሽ ለመሸሽ አይደለም ልጄ፤ መጀመሪያ የእሱን ነገር ስሚኝ።

የሱቁ መስተዋት ተሰብሮ የቀኝ እጁን አንጓ ቆረጠው። ቁስሉ ተሰፍቶ ዳነ፤ ሦስት ጣቶቹ ግን ደነዘዙ። ብሎን ሲያነሣ ይያዘው ይጣለው አያውቅም። ሐኪሟ ከፍታ ብታየው ነርቩ ተበጥሶ ጫፎቹ ተራርቀዋል፤ ስቦ መስፋት አይቻልም። ከከብት ጅማት ተጣርቶ የተሠራ ስስ ቱቦ በመካከላቸው አስገባችና እንዲህ አለችው፦

«ይሄ መንገድ ነው እንጂ ነርቭ አይደለም። ነርቩ ራሱ በውስጡ እያደገ ይሻገራል፤ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ቢሄድ ነው። ከተሻገረ በኋላ ቱቦው ሟሙቶ ይጠፋል። አንተ ብቻ ታገሥ።»

ሁለት ወር ታገሠ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ እጁን በጣቷ ቆረቆረችና ሲነዝረው ጊዜ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ አሰመረች፤ ጠባሳው ጫፍ ላይ ነበር። «ይቺን መስመር እንዳታጠፋት» አለችው። ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ በየጠዋቱ ይደግማት ጀመር።

ከዚያ ሕመሙ ባሰበት። ሸሚዝ ሲቆልፍ እንኳ ኤሌክትሪክ የያዘው ያህል እየነዘረው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ፈራ። ቤቱ የሚያድረው በዚያ እጅ ነው። «ቱቦው ውስጤ በስብሷል» አለ። ቀጣዩ ቀጠሮ ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የቆመ ነገር ሁሉ ጀርባውን ከፍቶ ማየት የለመደ ሰው ነው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ዘጋ፣ ጠባሳውን በአልኮል ጠረገ፣ አዲስ ምላጭ አወጣ።

ሚስቱ በሩን አንኳኳች። «ምነው በጠራራ ፀሐይ ዘጋህ?»

«ሥራ ይዣለሁ፤ ሂጂ።»

ሊቆርጥ ሲል የሙያው ልማድ ያዘው። ብልሽቱ የት እንዳለ ሳይለይ ሰዓት ከፍቶ አያውቅም። ምላጩን በጥርሱ ነክሶ በግራ እጁ ጣት ጠባሳውን ቆረቆረ። ዝም። መስመሯን ቆረቆረ። እሷም ዝም። ወደ መዳፉ ወረደ፤ ከመስመሯ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ነዘረው።

ምላጩ በጥርሱ መካከል እንዳለ ቆሞ ቀረ። ቱቦው ቢበሰብስ ኖሮ ሕመሙ ቱቦው ጋ በቀረ ነበር። ይሄኛው ግን እየሄደ ነው። የሚያመው የነርቩ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኋላው ሊቆርጠው ነበር። ምላጩን አስቀመጠና አዲስ መስመር አሰመረ። ከዚያ ሄዶ ለሚስቱ በሩን ከፈተላት።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። «ከወንድሜ ተኳርፌ ሳለሁ ያላመመኝ፣ ከታረቅን ወዲህ ለምን ያመኛል? እርቁን አፍርሱልኝ» ብለሽ ነው የመጣሽው። ዘጠኝ ዓመት ምንም አልተሰማሽም፤ ያንን ሰላም ትዪዋለሽ፣ ድንዛዜ ነው እንጂ። እኛ ሽማግሌዎች በመካከላችሁ የገባን ቱቦ ነን። መንገዱን እንይዛለን፣ በኋላም እንጠፋለን፤ የምትሻገሩት እናንተው ናችሁ። ይልቅ ሕመምሽን ቆርቁሪው። በእርቁ ሰሞን ያምሽ የነበረው ስሙ ሲጠራ ነበር። አሁንስ? ተሰናብቶሽ ከበር ሲወጣ ነው ብለሽኛል። መስመሩን አልፏል ልጄ። ምላጩን አስቀምጪና እሑድ ምሳ ጥሪው።