ሻጩ የጠየቀው

አንድ ቦንቦሊኖ እያስጠበሰ ለሻይ ቤቶች የሚያከፋፍል ሰው ነበር፤ መንበሩ ይባላል። በትልቁ የዘይት ድስት ፊት ቆማ የምትጠብሰው እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ዘነቡ ነበረች። ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ማንም አልነበረውም።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪዎች መጡና «የእሳት ማጥፊያ ካልሰቀልክ ቤቱን እናሽገዋለን» አሉት። በማግስቱ ጠዋት ማጥፊያ ወደሚሸጥ ሽማግሌ ሱቅ ሄደ።

«ጨርቅ መጋዘን ያለው ጓደኛዬ ከእርስዎ የገዛውን ዓይነት ይስጡኝ።»

«እሱ ባለ ውሃው ነው። ጓደኛህ ቤት የሚነደው ጨርቅ ነዋ» አሉት ሽማግሌው። «ለመሆኑ አንተ ቤት፣ ቢነድ የሚነደው ምንድን ነው?»

እስቲ አሁን ይህ ምን ክፋት አለው? መንበሩ ግን ደሙ ፈላ፤ ያሟረቱበት መሰለው። «እኔ ቤት ምንም አይነድም! በጠዋት አያሟርቱብኝ እንጂ! የጠየቅኩዎትን ይስጡኝ!»

ሽማግሌውም ባለ ውሃውን አውርደው ሰጡት።

ቤት ገብቶ ሲነግራት ዘነቡም አማተበች። «ምን ዓይነት አፍ ነው! እንኳንም አልመለስክላቸው» አለችው። ቀዩን ማጥፊያ ከድስቱ አጠገብ ሰቀሉት። ተቆጣጣሪዎቹም አይተው፣ ፈርመው ሄዱ።

ወር ሳይሞላ ዘይቱ ከልክ በላይ ግሎ ተቀጣጠለ። መንበሩ በሩ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ቀዩን! ቀዩን አንሺ!» ብሎ ጮኸ። ዘነቡ ወንድሟን አምና አነሳችው፤ ጠጋ ብላም ለቀቀችው። ውሃው የሚነደውን ዘይት ባንዴ ሽቅብ ረጨው፤ ተመልሶም በላይዋ ላይ ወረደ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። በአራተኛው ቀን ቀበራት።

ከአርባዋ በኋላ መንበሩ ጥቁር እንደለበሰ ወደዚያው ሱቅ ተመለሰ። ሽማግሌው ልብሱን አዩና አንገታቸውን ደፉ።

«ዘይት ነው» አለ መንበሩ። «አባቴ፣ እኔ ቤት የሚነደው ዘይት ነው።»

«ሳትነግረኝ መሸጥ አልነበረብኝም» አሉ ሽማግሌው፤ ለዘይት የሚሆነውንም ከመደርደሪያው አወረዱለት። ምን ዋጋ አለው! የምታነሳው የለችም።

ወገኖቼ፣ ክፉ ነገር ስሙን ስለጠራነው አይመጣም፤ ስሙን ስላልጠራነውም አይቀርም። መንበሩ ማጥፊያ አላጣም፤ ቤቱ ውስጥ ምን ሊነድ እንደሚችል በአፉ ለመናገር ፈርቶ ነው እህቱን ያጣው። እናንተስ በምትሠሩበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የየትኛው እሳት ማጥፊያ ነው? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?